ክርክር፦ «ቢንት» የብረት ሥርዓትን ያወድሳል ወይስ ያጋልጣል?

የክርክሩ መነሻ

ሆላንዳዊው ፈርዲናንድ ቦርደዋይክ (1884–1965 እ.ኤ.አ.) ጠበቃም ደራሲም ነበር። በ1934 ባሳተመው «ቢንት» በተሰኘው አጭር ልቦለድ፣ ደ ብሬ የሚባል መምህር ቢንት ወደሚመራው ትምህርት ቤት ይመጣና «ሲኦል» የሚል ስም የወጣለትን ክፍል ይረከባል። በቢንት እምነት ተማሪው ለመምህሩ ይገዛል እንጂ መምህሩ የተማሪውን ስሜት ለመረዳት አይደክምም። ልቦለዱ ይህን እምነት ይደግፋል ወይ በሚለው ላይ አንድ መምህርና አንዲት የሕግ ባለሙያ እንደሚከተለው ተከራክረዋል።

መምህሩ

ደ ብሬ ክፍሉ ገብቶ ስም ሲጠራ የምንሰማውን እናስታውስ፦ ዊምፒሲንገር፣ ኪከርታክ፣ ቦልሚኮልከ። ለሆላንዳዊ ጆሮም እንግዳ የሆኑ ስሞች ናቸው። ደራሲው ልጆቹን ገና ከመግቢያው ጭራቅ አስመስሎ ስለሳላቸው፣ መምህሩ ሲያንበረክካቸው አንባቢው አያዝንላቸውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ግን አጻጻፉ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ደረቅ፣ ቅጽል የተራገፈለት ነው። እንደ ወታደር ሰልፍ ይረግጣል። ቫን ቤክ የተባለው ተማሪ በዝቅተኛ ውጤት ምክንያት ራሱን ሲያጠፋ እንኳ ትረካው እርምጃውን አያዘገይም። ተማሪዎች ሲያምፁ ደግሞ አመፁን ለማክሸፍ ከቢንት ጎን የሚሰለፈው ራሱ ሲኦል የተባለው ክፍል ነው፤ የተቀጠቀጠው የቀጥቃጩ ክንድ ይሆናል፣ መጽሐፉም በዚህ ይኮራል። ጊዜውንም እንመልከት። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም፤ በሆላንድም ሙሰርት የተባለው ፖለቲከኛ በ1931 ያቋቋመው የናዚ ዓይነት ፓርቲ አባላት እየሰበሰበ ነበር። በዚያ ሰዓት ለብረት ሥርዓት እንዲህ ያማረ ዜማ መስጠት ንጹሕ ጨዋታ አይደለም።

የሕግ ባለሙያዋ

መምህር፣ ምስክሩ ቃሉን ሳይጨርስ አስቆሙት። ልቦለዱ በቢንት ድል አያበቃም። የቫን ቤክ ሞት ያንን የማይነቃነቅ ሰው ከውስጥ ይበላዋል፤ ትምህርት ቤቱንም ትቶ ይሄዳል። ሥርዓቱን የፈጠረው ሰው ራሱ ሊሸከመው ካልቻለ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

ቦርደዋይክ በስኺዳም ከተማ የጥብቅና ቢሮ የነበረው ሰው መሆኑን አንርሳ። ጥሩ ጠበቃ የባላጋራውን ክርክር ባላጋራው ራሱ ከሚያቀርበው በላይ አጠንክሮ ያውቀዋል። በ1931 ያሳተመውን «ብሎከን»ን ይመልከቱ። ሁሉ ነገር በአራት ማዕዘን የተቀረጸበት፣ የተለየ ሐሳብ ያለው የሚገደልበት መንግሥት ነው። እዚያም አጻጻፉ እንደ ሕንጻዎቹ ቀጥ ያለ ነው፤ መንግሥቱ ግን ውስጥ ውስጡን ሲሰነጠቅ እናያለን። ኃይልን ሳያስውብ ውድቀቱን ቢያሳየን ኖሮ፣ ሰው ለምን በኃይል እንደሚማረክ አይገባንም ነበር።

ቦርደዋይክ፣ ናዚዎች ሆላንድን ይዘው ደራሲያን እንዲመዘገቡበት ባቋቋሙት የባህል ምክር ቤት አልገባም። ከጦርነቱ በኋላም ከወራሪው ጋር የተባበሩ ደራሲያንን ጉዳይ የመረመረውን የክብር ሸንጎ የመራው እሱ ነው።

መምህሩ

እህቴ፣ ሰውየውን አልከሰስሁም። በወረራው ዘመን ያሳየው ጽናት ያስከብረዋል፤ ነገር ግን የ1940ዎቹ ምግባሩ በ1934 የታተመውን ገጽ አይለውጠውም። ቢንት ይሄዳል ብለዋል። እውነት ነው፤ የደ ብሬ አድናቆት ግን አብሮት አይሄድም።

የሕግ ባለሙያዋ

አድናቆቱ የደ ብሬ ነው፤ የደራሲው ነው ያለው ማን ነው?

ደራሲው ጉዳዩን እንዳልዘጋው የሚያሳየኝ በ1938 የወጣው «ካራክተር» ነው። በሮተርዳም ድሆችን ያለ ርኅራኄ ከቤታቸው የሚያስወጣው የፍርድ አስፈጻሚ ድሬቨርሃቨን፣ ከጋብቻ ውጭ የወለደውን ልጁን ካታድረፈን በዕዳ ያሳድደዋል። ልጁ ሳያውቅ የተበደረው አባቱ ካለበት የብድር ድርጅት ነው፤ አባትየው ለኪሳራ ይዳርገዋል፤ ከኪሳራው ወጥቶ ጠበቃ ለመሆን ሲማር እንኳ አይለቀውም። በመጨረሻ ካታድረፈ ጠበቃ ሆኖ አባቱ ፊት ይቆማል፤ ዕድሜ ልክህን እንቅፋት ሆንህብኝ ይለዋል። ሽማግሌው፣ «ወይም ደግሞ ስረዳህ ኖሬያለሁ» ይለዋል። ደራሲው በመካከላቸው አይፈርድም። ልጁ ግን የሚያፈቅራትን ሴት አጥቷል፤ እናቱንም ከልቡ ሊቀርባት አልቻለም። የጥንካሬው ዋጋ ሳይደበቅ ተጽፏል። ያንን ሒሳብ የጀመረው በ«ቢንት» ነው እላለሁ።

መምህሩ

ስለ «ካራክተር» አልከራከርዎትም፤ ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ለማንኛውም ወጣት ያለ ሥጋት እሰጠዋለሁ። እዚያ የተጎዳው ልጅ አንደበት አለው፤ ታሪኩም የራሱ ነው። አባቱን ፊት ለፊት ይሞግተዋል። በ«ቢንት» ግን በልጁ ሞት ምክንያት የምናየው የዳይሬክተሩን መሰበር ነው። እርስዎም ማስረጃ ብለው ያቀረቡልኝ የቢንትን ሕመም ነው እንጂ የቫን ቤክን አይደለም። ያ ልጅ ምን ይወድ እንደነበር፣ ውጤቱን በተቀበለበት ቀን ለማን ምን እንዳለ፣ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ያሳዩኝ።