ድብርት የያዘው ሰው ወጥ አይሰራም

ሰሞኑን ድሬ ደርሼ ነው የተመለስኩት፣ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው። ስለ ድብርትና ስለ ምግብ ነው። እዚህ ሜልቦርን በየክሊኒኩ ወረቀት ላይ ጥሩ ምግብ ብሉ ለአእምሮም ይጠቅማል የሚል ምክር ሞልቷል፣ እኛ ጋ ደግሞ ምግቡ ራሱ ሞልቷል ግን ከድብርት ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ሁለቱም ጋ የተረሳ ነገር አለ ባይ ነኝ፣ እሱም ድብርት የጣለው ሰው ተነስቶ ሽንኩርት የሚከትፍበት አቅም የለውም።

መጀመሪያ እዚሁ አውስትራሊያ የተሰራውን ጥናት ልንገራችሁ። ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፌሊስ ጃካ የምትባል ተመራማሪ የመራችው ነው፣ ስማይልስ ይሉታል፣ ውጤቱ የወጣው በፈረንጆቹ 2017 ነው። 67 ሰዎች ናቸው፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድብርት ያለባቸው፣ አበላላቸውም የተበላሸ፣ አብዛኞቹ መድኃኒት ወይ የምክር ህክምና ላይ የነበሩ። ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት ከምግብ ባለሙያ ጋር እየተገናኙ ምግባቸውን አስተካከሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በዛው ልክ ቁጭ ብሎ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው፣ ስለ ኳስ ስለ ዜና ስለፈለጉት ነገር። መጨረሻ ላይ ምግብ ካስተካከሉት 32 ፐርሰንቱ ድብርቱ ለቀቃቸው፣ ከተጫወቱት ግን 8 ፐርሰንቱ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሰዎቹም የቱ ቡድን ውስጥ እንዳሉ ያውቁ ነበር፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ምግብ ድብርትን ያድናል ማለት አይቻልም። ግን ያግዛል የሚለውን ከዛ በኋላ የመጡ ሌሎች ጥናቶችም ደግፈውታል።

የበሉት ምን መሰላችሁ? ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ጎመንና ቅጠላቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ አሳ፣ እንቁላል፣ ስጋ በልኩ፣ የወይራ ዘይት። የቀነሱት ደግሞ ጣፋጭ፣ ለስላሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ነገርና የፋብሪካ ምግብ። ዋጋውንም አስልተውታል፣ በፊት ለምግብ በሳምንት 138 ዶላር ገደማ ያወጡ ነበር፣ አዲሱ 112 ሆነ። ማለት ውድ አይደለም።

ይሄን ሳነብ ለኔ የታየኝ የድሬው ገበያ ቀፊራ ነው። ከዘይቱ በቀር አብዛኛው እዛ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል እኮ። ምስሩና ሽምብራው በጆንያ፣ ከሐረር በኩል የሚመጣው ጎመንና ካሮት፣ ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ዘይቱናው፣ የሶማሌ እናቶች ይዘውት የሚመጡት የግመል ወተት፣ ማሽላው። አሁን በሄድኩበት ጊዜ ያሳዘነኝ ግን ዘመድ ቤት ስገባ ለክብሬ ተብሎ የሚቀርበው የታሸገ ጁስና ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ የተገዛ ብስኩት መሆኑ ነው። አንዷ አክስቴ ጋ የማሽላ እንጀራ ስጠይቅ ልጆቹ ተያዩ፣ አክስቴም "ከአውስትራሊያ መጥተሽ ማሽላ ላብላሽ?" ብላ አፈረች። ለትንንሾቹ ማታ የተቀቀለላቸው ኢንዶሚ ነበር። እኛ እዚህ ያልተፈተገ እህል ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት እንዞራለን፣ እዛ ደግሞ ሰው ኑሮው ተሻሻለ የሚባለው ከማሽላ ወደ ነጭ ሩዝና ፓስታ ሲሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለገሀሬ ሰፈራችን ከአረብ ሀገር የተመለሰች ልጅ አለች፣ ከመጣች ጀምሮ ከክፍሏ አትወጣም፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ነው የምትውለው። ሰው አልተዋትም፣ ይሄ ነው የሀገሬ ደስ የሚለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይገባል ይወጣል። አይዞሽ፣ ተጫወቺ፣ ውጪ ንፋስ ይንካሽ ምናምን ይሏታል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዛ ሁሉም ወደ ቤቱ። የምትቀምሰው ግን ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ ብቻ ነው፣ እናቷ ጉልት ስለምትውል ቀን ላይ የሚያበላት የለም። ጨዋታ ነበራት ምግብ ግን አልነበራትም ማለት ነው። አንዲት ጎረቤት ግን ነገሩ ገባት መሰለኝ ምሳዋን ከቤቷ ይዛ መምጣት ጀመረች፣ ብዪ ብላ አትጨቃጨቃትም፣ ትሪውን መሃል አድርጋ ራሷ መብላት ትጀምርና አንድ ሁለት ታጎርሳታለች። ምስር ነው፣ ጎመን ነው፣ አንዳንዴ የተቀቀለ እንቁላል። ከተመለስኩ በኋላ እናቷ በስልክ እንደነገረችኝ ሆስፒታል ወስደዋት መድኃኒት ጀምራለች፣ አሁን ተነስታ ፊቷን ትታጠባለች፣ ከጎረቤቷ ጋርም ሽንኩርት ትልጣለች። ምግቡ ብቻውን ነው ያነሳት አልልም፣ ግን ባዶ ሆዷን ቢሆን ሆስፒታሉ ድረስም የምትሄድ አይመስለኝም።

እዚህስ? ፉትስክሬይ የሚባል የሜልቦርን ሰፈር አንድ የሐረር ልጅ አለ፣ ማታ ማታ መጋዘን ይሰራል፣ ቀን መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። የሀገሩ ሲስተም አልረሳውም፣ ጂፒው ማለት ጠቅላላ ሐኪሙ ሜንታል ኸልዝ ፕላን የሚሉትን የአእምሮ ህክምና እቅድ ጽፎለታል፣ በሱ በአመት እስከ 10 ጊዜ ሳይኮሎጂስት ጋ ሲሄድ መንግስት ያግዘዋል። የምግብ ባለሙያም አይታዋለች፣ የሰጠችው ወረቀት ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል፣ ሳልመን፣ ምስር፣ ስፒናች እያለ በቀለም በቀለም። ፍሪጁን ስከፍተው ግማሽ የነጭ ዳቦ፣ ኢነርጂ ድሪንክና የኬቻፕ ጠርሙስ ነው ያለው። ከቤቱ ትንሽ ሄድ ብሎ እኮ ምስርም በርበሬም እንጀራም የሚሸጥ የሀበሻ ሱቅ አለ። ልጁ ምን እንደሚበላ ከኔ በላይ ያውቃል፣ ያጣው የሚያበስልለትና አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው።

በጣም የሚገርመኝ ይሄ እኛ የማናውቀው ነገር አለመሆኑ ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የሚሄድ አለ እንዴ? ሀዘንተኛ ምግብ እንደማያበስል ስለምናውቅ እኮ ነው እንጀራና ወጥ ተሸክመን የምንሄደው፣ እዚህም በሰው ሀገር ይሄ አልቀረም። አራስ ስንጠይቅ ገንፎ እናገነፋለን፣ አጥሚት እንወስዳለን። ድብርት ለያዘው ሰው ሲሆን ግን ምክር ብቻ ይዘን እንሄዳለን፣ ወይ ሰነፈ እንላለን፣ ወይ ስልክ አያነሳም ብለን እንቀየመዋለን።

ጫቱንም ሳላነሳ ባልፍ የሀረርጌ ልጅ አይደለሁም። ትላልቆቹ ምሳ በደንብ ሳይበሉ በርጫ አይቀመጡም ነበር፣ አሁን የማየው ወጣት ግን ከጠዋት ጀምሮ በባዶ ሆዱ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ማታ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የሚመጣው መከፋት አለ፣ እሱን ለመስበር ለስላሳ ወይ መጠጥ ይጨመርበታል፣ በነጋታው እንደገና። ልቡ የከፋውን ጓደኛ አቦ ና እንቃም ይለቅሃል ማለት በፍቅር የሚደረግ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ መጀመሪያ አብሉት።

ስትሄዱ ምን ላምጣልህ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ምንም ነው የሚላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ትልቅ ድስት አያስፈልግም፣ ብዙ ምግብ ሲያይ ይጨንቀዋል። ሽሮ በትንሽ እንጀራ፣ የገብስ አጥሚት፣ የተላጠና የተቆረጠ ፓፓያ (ራሱ እንዲልጥ አትተዉለት)፣ የቆርቆሮ ሰርዲን በሽንኩርትና በሎሚ፣ ሰርዲን ርካሽ ነው ኦሜጋ 3 የሚባለው ቅባት ደግሞ በደንብ አለው። ሐረር ያላችሁ ከአብሽ የሚሰራውን ሁልበት መረቁን የሚያህል ምን አለ። ብዙ የሚጾም ከሆነ ደግሞ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእህልና ከአትክልት አይገኝም፣ ከስጋ ከወተት ከእንቁላልና ከአሳ ነው፣ ሲያንስ ድካሙም መከፋቱም ከድብርት ጋር ይመሳሰላል። ደም ማነስም እንደዛው፣ ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲሄድ ደሙንም ያስመርመር፣ የእንቅርት እጢውንም።

ደግሞ ይሄን ጽሑፍ አንብቦ መድኃኒቱን ጥሎ ምስር ላይ የሚንጠለጠል ሰው እንዳይኖር አደራ። ጥናቱ ውስጥ የነበሩትም ህክምናቸውን አላቋረጡም፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ ማቆም የለበትም፣ ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚያስቆመው። ብሞት ይሻለኛል ማለት የጀመረ ሰው ካለ ደግሞ ምግብ ይዛችሁ ነገ እመለሳለሁ አትበሉ፣ ብቻውን ሳትተዉት በዛው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።