ለአንድ ጣሳ ቢራ ያልታመነ ፊት

የእንግሊዝ መንግሥት ያለ ወላጅ የሚመጡ ስደተኛ ልጆችን ዕድሜ በካሜራ ሊገምት ነው። ዕድሜው አወዛጋቢ የሆነ ልጅ ፎቶ ይነሳል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊቱን አይቶ ይፈርዳል። ዕቅዱን እኤአ በሐምሌ 2025 ለፓርላማ ያሳወቁት የያኔዋ የድንበር ደኅንነት ሚኒስትር አንጀላ ኢግል ነበሩ። ከምክንያታቸው አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወጪ ቆጣቢ መሆኑ! በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ርካሽ ነው ብሎ ፊቱን አይቶ አይወስድም፤ ጥርሱን ገልጦ ያያል።

እስቲ እዚያው አገር ሱፐርማርኬት ግቡና ቢራ አንሡ። ለመጠጥ የሚፈቀደው ዕድሜ 18 ነው። ሻጩ ግን ከ25 በታች ከመሰላችሁት መታወቂያ ይጠይቃል። ለምን 25? በዓይን አይቶ 17ን ከ20 መለየት እንደማይቻል ስለሚያውቁት ነዋ! ሰባት ዓመት መጠባበቂያ የያዙት ለአንድ ጣሳ ቢራ ነው። ያውም ደንበኛው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ታጥቦ የመጣ ነው። የሰሃራ ፀሐይ ያከሰለው፣ የሊቢያ እስር ቤት ያከሳው፣ በፈረንሳይ ጠረፍ ካሌ ድንኳን ውስጥ የከረመው ልጅ ሲመጣ ግን ፊት ድንገት የልደት ሰርተፊኬት ሆነ።

"ኮምፒውተሩ የሠለጠነው ዕድሜያቸው በተረጋገጠ ሰዎች ፎቶ ነው" ይሉናል። የእነማን ዕድሜ ነው የተረጋገጠው? እኤአ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የገጠር ልጅ ዕድሜ ያለው እናቱ ጋ ነው፤ እናቱ ደግሞ እንግሊዝ ወደብ ዶቨር ላይ የለችም።

ዕድሜውን የሚዋሽ የለም አልልም። አለ። ግን መኮንኑ የሚሞላው ፎርም ጣጣስ? በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2001 የተወለደ ልጅ በዚያ ሐምሌ ገና 16 ዓመቱ ነው። "2001" ሲል ሰምቶ እንዳለ የጻፈ የኢሚግሬሽን መኮንን በአንድ መስመር 23 አደረገው። ኋላ ልጁ "ተሳስታችኋል" ሲል ቃሉን ቀያየረ ይባላል።

አዋቂ የተባለ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። ከማያውቃቸው ጎልማሶች ጋር በአንድ የሆቴል ክፍል ይታጎራል። ያለ ፈቃድ እንግሊዝ መግባትን በሚቀጣው የእኤአ 2022 ሕግ ተከሰው የአዋቂ እስር ቤት የገቡ ልጆችም አሉ። ቆጠብን የሚሉት ሳንቲም ከዚህ ላይ ነው።

እዚያ አስተርጓሚ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ቢያንስ ይቺን አትለፏት። ልጁ ዓመተ ምሕረት ሲጠራ "በማን አቆጣጠር?" ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱም መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። መኮንኑ ቸኩያለሁ ካለ ይቸኩል።