ሰባራው ባቡር ከማን ደጅ ቆመ?

የሰፈራችን እድር ከድንኳን፣ ከብረት ድስትና ከአግዳሚ ወንበር ያለፈ ነገር አስቦ አያውቅም። አምና ግን ቱሪስት ላመጣ ነው ብሎ ተነሣ።

ሐሳቡን ያመጣው ከካናዳ ለሦስት ወር የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። እኛ ሻንጣውን እያየን ጫማና ሽቶ ስንጠብቅ፣ እሱ ሐሳብ አወጣ። ቶሮንቶ ውስጥ ነዋሪው ራሱ ሰፈሩን በእግር እየዞረ ለእንግዳ በነጻ ያስጎበኛል አለን። የተጀመረው በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ ለጄን ጃኮብስ መታሰቢያ። ስለ ከተማ የምትጽፍ ሴት ነበረች። በየዓመቱ በስሟ ይኬዳል።

«ዓመት በዓመት በእግር የሚሄዱላት ጻድቅ ናት እንዴ?» አሉ እማማ።

«ኧረ እማማ፣ ጸሐፊ ናት።»

«ጸሐፊ? እኛ ጸሐፊ ፍለጋ ቀበሌ ለቀበሌ ስንት ዓመት በእግራችን ተመላለስን! ማን ቆጠረልን?»

ሰፈራችን ሰባራ ባቡር ነው። ከጊዮርጊስ ብዙ አይርቅም። ሌላው ሰፈር በራስ፣ በደጃዝማች፣ በጀግና ስም ይጠራል። እኛ የምንጠራው በብልሽት ነው። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። ሕዝቡ የሚያጨሰውንና የሚያጓራውን ሁሉ ባቡር ይል ስለነበር ይሄንንም ባቡር አለው። ተሰብሮ የቀረበት ቦታ ሰባራ ባቡር ተባለ። እንግዲህ ቅርሳችን ይሄ ነው። ችግሩ፣ የለም። ስሙን ትቶልን እሱ ከሄደ ቆይቷል።

በመነሻው ላይ ክርክር አልነበረም። ጊዮርጊስ አደባባይ፣ ከአጤ ምኒልክ ሐውልት ሥር። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ ዋዜማ ተመረቀ፣ ጣልያን ገብቶ አወረደው፣ ነጻነት ሲመለስ እሱም ተመለሰ። ቀጥሎ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን የረሸናቸው ጳጳስ ናቸው። የሳቸውም ሐውልት በ2005 ለቀላል ባቡሩ ሥራ ተብሎ ተነሣ፣ በ2008 ተመልሶ ቆመ። አዲስ አበባ ውስጥ ሐውልትም እንደ ሰው ቤት ይለቅቃል። ልዩነቱ፣ ሐውልቱ ይመለሳል።

ጉዱ የመጣው መንገዱ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ነው። ሁሉም በደጁ እንዲያልፍ ፈለገ። ባለሱቁ «በደርግ ጊዜ ስኳር በራሽን የታደለው እዚህ ነው» አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ታሪክ ቢያጣ «እንግዳ ሲራመድ ይርበዋል» አለ። አንዷ ጎረቤታችን ብቻ በእኔ ደጅ እንዳያልፉ ብላ ለመነች፤ ልብስ የምታሰጣው እዚያ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ የሳለው መስመር እንደ ሐረግ ተጠማዘዘ። ሃያ ደቂቃ የማይሞላው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ነጻ የተባለውም ነገር እድሩ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ሲደርስ ዋጋ ወጣለት። ሦስት ዓይነት ታሪፍ ነበረው፤ ለፈረንጅ፣ ለዲያስፖራና ለሰው።

አስጎብኚ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም ጋዜጣ አነባለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ። ሁለት ፈረንጅ፣ አንዲት ዲያስፖራ፣ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሐውልቶቹን ጨርሰን ሰፈር ገባን። መሐል መንገድ ላይ ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠራርጌ፦

«ባቡሩ የተሰበረው እዚህ ጋ ነው» አልኩ።

«ማነው እሱ የሚቀጥፈው?» የሚል ድምፅ ከአጥር ውስጥ መጣ። እማማ ብቅ አሉ። እጃቸው እስከ ክርኑ ሊጥ ነው። «ባቡሩ የቆመው እኔ ደጅ ነው! መንገደኛው ሲወርድ አያቴ እንጀራ ሸጣለች!»

«የምን መንገደኛ?» አሉ ጋሼ ከማዶ። ጋሼ ምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። «የመንገድ መዳመጫ ነው! መንገደኛ በየት በኩል ነው የሚሳፈርበት?»

«ባቡር ካልሆነ ለምን ሰባራ ባቡር ተባለ?»

«ስሚ፣ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እሱም ለገሃር ቆመ። ይቺን ዳገት በምን ይወጣታል?»

«አልወጣ ብሎትማ ነው የተሰበረው!»

ጋሼ ለትንሽ ጊዜ መልስ አጡ። ከዚያ በሌላ በኩል መጡ። «ደግሞም የቆመው እኔ ደጅ ነው።»

«አሁን ባቡር አይደለም ስትል አልነበር? መዳመጫህን ያዝ፣ ባቡሬን ተው!»

ይሄን ሲሉ እጃቸውን ወነጨፉት። ሊጡ አንደኛው ፈረንጅ ጫማ ላይ ዱብ አለ። ሰውየው አልጠረገውም። ፎቶ አነሣው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባ ሰው መጣ። ስለ ምኒልክ ሐውልት እየተናገርኩ አንዱ ሰዓቱን አየና «ጠቡ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለኝ። ባለሱቁ የታሸገ ውኃ አለቀበት። ባለ ሥጋ ቤቱ ደጅ ላይ ወንበር ጨመረ። እንዲህ ሆነን ሦስት ቅዳሜ በላን።

የእድሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ሰምተው አዘኑ። በዚህ ዕድሜ፣ ፋሲካ ደርሶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱንም አስጠሩ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ባቡሩ መሐል ላይ እንደቆመ ተወሰነ፤ ፊቱ በእማማ ደጅ፣ ኋላው በጋሼ ደጅ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ገንዘብ ያዣችን ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ ነበር። ቢኖር ባልተፈቀደ።

ቅዳሜ ሃምሳ ሰው አስከትዬ ደረስኩ። «ባቡሩ የተሰበረው እዚህ ጋ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጸጥ። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ፣ በአንድ ጃንጥላ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እዚህ ነው አይደል?» አልኩ፣ ልተነኩሳቸው።

«ጋሼህ እንዳሉት ነው ልጄ።»

«የለም የለም» አሉ ጋሼ፣ «እሷ እንዳለችው ነው።»

ገንዘቡ ይመለስልን ያለ አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሲቃ ያዘው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ገንዘብ ያዡ ለሁለቱም የቀን አበል ቆርጠን የውሸት ይጣሉ አለ። ልጁ ያኔ ካናዳ ተመልሷል፤ በስልክ ጠየቅነው። «የውሸት አይሆንም፣ ኦሪጅናል መሆን አለበት» አለ። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። ለማስታረቅ አይደለም። አንደኛው እኔ ነኝ።

እማማ ዘንድ ብዙም አልቆየን። ቡና አጠጥተውን «እኔማ ለሰላም ብዬ ነው እንጂ ፊቱም ኋላውም የኔ ደጅ ነበር» አሉ።

ጋሼ ግን አስቸገሩ። «በስተርጅና ታርቄ ደግሞ ልጣላ? ለንስሐ አባቴስ ምን እላለሁ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ለመንናቸው፤ እንቢ አሉ። ተነሣን። በሩ ላይ ስንደርስ ዞር አልኩና፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ እማማ ያሉትን ነገርኳቸው።

«ኋላውንም?» አሉ።

«ኋላውንም።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ የቆመውን ምርኩዝ አነሡ።