አርፍዶ የመቆጣት ጥበብ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ዶዘሩ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ለሚደርሱ ወገኖቼ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ልግለጽ። ስለ አካባቢ ጥበቃ ብዙ ተብሏል፤ ስለ እናንተ ግን በቂ አልተባለም። ዛፉ ቆሞ ሳለ ጭጭ ብሎ፣ ሲገነደስ «ኧረ የሕግ ያለህ!» ማለት የማንም ተራ ሰው ችሎታ አይደለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ የተረተው ሰውዬ በውሻው ላይ ግፍ ሠርቷል። ጅቡ ደጅ ላይ እያለ የሚጮህ ውሻ ይነከሳል፤ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ግን ስሙም ጤናውም በእጁ ነው።

ጥበቡ የሚጀምረው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ማህተም ያረፈበት ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ይለጠፋል፤ የአንዱ ጥግ ፕላስተር ለቆ ይርገበገባል። በወንዙ ዳር ባለው ክፍት ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ታስቧል፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቧል፤ ስብሰባው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አዳራሽ ነው ይላል። ተራ ሰው ቆም ብሎ ያነበዋል። ጀግናችን ግን ትከሻውን ሰሌዳው ላይ ጣል አድርጎ ስልክ ያወራል። የሚያወራው ደግሞ ስለ ሙቀቱ ነው፤ «ዘንድሮስ ጉድ ነው፣ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፋኮ!» እያለ። ወሬውን ጨርሶ ሲሄድ የወረቀቱ ግማሽ ጃኬቱ ላይ ተለጥፎ አብሮት ይሄዳል።

ይህን የመሰለ ሰው ሰላሙን ለመንሳት ዓለም ያልሞከረው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት በመግለጫቸው 10ኛ መርህ፣ የአካባቢ ጉዳይ ከሁሉ በተሻለ የሚያዘው የሚመለከታቸው ዜጎች ሁሉ ሲሳተፉበት ነው ብለው ጻፉ። በ1998 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ላይ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ባሰበት፤ ሕዝቡ መሳተፍ ያለበት ገና ከጅምሩ፣ አማራጮች ሁሉ ክፍት ሳሉ ነው አለ። ከጅምሩ! አማራጭ ክፍት በሆነበት ሰዓት መናገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የተረዳ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም ማለት ነው። ያን ጊዜ ማቆሚያው በእርሳስ ነው የተሣለው። ወደ ማዶ ሊገፋ ይችላል፤ በግማሽ ሊያንስ ይችላል፤ ጭራሽ ይቅር ማለትም በግምገማው ውስጥ ከሚመዘኑት አማራጮች አንዱ ነው። እንዲህ ባለው ሰዓት አፉን የከፈተ ሰው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሊሰማ ይችላል። ከተሰማ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ምን ይዞ ሊያማርር ነው?

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአንድ አፍታ ላቁም። በላቲን አሜሪካ ሰው ስለ ወንዙ ስለተናገረ ይገደላል። ሆንዱራሳዊቷ በርታ ካሰሬስ የወገኖቿ ወንዝ በግድብ እንዳይያዝ ስትታገል ኖራ በ2016 እቤቷ ውስጥ ተገደለች። በዚያው አህጉር አገሮች መካከል በ2018 የተፈረመው የኤስካዙ ስምምነት ለአካባቢ የሚሟገቱ ሰዎችን መጠበቅን ግዴታ ያደረገው እንዲህ ያለ ደም ስላለ ነው። እኛ ግን ወንበር ተደርድሮልን፣ ማይክሮፎኑ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ተብሎ ተፈትሾልን፣ አልሄድንም። ኧረ እንዴት ያለ ድሎት ነው!

ለመሆኑ ማን ሄደ? ሦስት ጡረተኞች፣ ደብተር የያዘች አንዲት መምህርት፣ አጀንዳው ምንም ይሁን ምን ስለ መንገድ መብራት የሚናገር አንድ ሰው (እሱ የማይገኝበት ስብሰባ የለም፤ ክፍያ ሳይኖረው እንዲህ መትጋቱ ያስቀናል)፣ እና ፊት ወንበር ላይ ላፕቶፓቸውን የከፈቱ አማካሪዎች። ግድግዳው ላይ የሚታየው ሥዕል ላይ መኪኖቹ ትናንሽ፣ ዛፎቹ ግዙፍ ናቸው። መምህርቷ እጇን አውጥታ፣ «አሁን ዝናቡን አፈሩ ይጠጣዋል፤ አስፋልት ሲሆን ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ወደ ወንዙ ነው የሚሄደው፤ የወንዙን ዳር አፈር የያዙት የዛፎቹ ሥሮች ከተነሱ ደግሞ ከታች ያሉት ቤቶች ምን ይሆናሉ?» አለች። መሐንዲሱ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ጻፈ። ይኸው ጥያቄ ከአርባ ሰው ቢመጣ ኖሮ ሰነዱ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ፣ የራሱ የፍሳሽ ስሌት ይኖረው ነበር። ከአንድ ሰው ስለመጣ ግን «አንድ ተሳታፊ ስጋታቸውን ገልጸዋል» የምትል መስመር ሆና አባሪ ውስጥ ገባች። ለዚህች መስመር ማጠር ያልመጡት ሰዎች ያደረጉት አስተዋጽኦ ከመሐንዲሱም ይበልጣል።

በዚህ አጋጣሚ አቴንዳንስ ፈርመው ለወጡትም የሚገባቸውን ምስጋና ላቅርብ። እነሱ ከቀሩት ይልቅ አንድ ደረጃ የበቁ ናቸው። የቀረ ሰው ቢያንስ ባዶ ወንበር ትቶ ያሳጣል፤ ፈርሞ የወጣ ግን ለጠሪው መሥሪያ ቤት «ሕዝቡ መክሮበታል» የሚል ማስረጃ አበርክቶ ነው የሚሄደው። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ ባለ 8 እርከን መሰላል አድርጋ አስቀምጣው ነበር። ከሥር ሕዝብን እንደ አሻንጉሊት ማንቀሳቀስ፣ መሐል ላይ ለወጉ ያህል ማሳወቅ፣ ማማከርና ማባበል፣ ከላይ ደግሞ ውሳኔው በዜጋው እጅ። ምስኪን፣ ሰው መውጣት የሚፈልግ መስሏት ነው። የኛ ሰዎች መሰላሉን አልወጡትም፤ ከሥሩ ቆመው ስማቸውንና ስልካቸውን ጻፉ፣ ከዚያ «አስቸኳይ ጉዳይ አለብኝ» ብለው ወጡ።

ጠሪዎቹም ቢሆኑ መወደስ አለባቸው፤ ጥበቡ ያለ እነሱ አይሞላም። ስብሰባውን በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ያደርጉታል። ሰነዱን ወፍራም አድርገው፣ ሦስት ገጽ ማጠቃለያ በሰው ቋንቋ መጻፍ ሲችሉ፣ በመሐንዲስ ቋንቋ ያሳትሙታል። ማስታወቂያውንም ሰው ስልክ ለማውራት የሚደገፍበት ቦታ ላይ ይለጥፉታል። ይህን ሁሉ አልፋችሁ የመጣችሁ ጡረተኞች፣ በእውነቱ ለማንም የማትመቹ ሰዎች ናችሁ።

ግን ወገኖቼን እንዳላማቸው፣ በሰዓቱ የሚገኙበት አንድ ቀን አለ፤ የችግኝ ተከላ ቀን። ያን ቀን ከጎህ በፊት ይደርሳሉ። ጓንቱ አዲስ ነው፣ ኮፍያው አንድ ዓይነት ነው፣ ጉድጓዱን ሌላ ሰው ቀድሞ ቆፍሮታል። አንድ እጅ ችግኙን፣ አንድ እጅ ስልኩን ይይዛል። ፎቶው እስኪያምር ሦስት አራቴ ይተከልና ይነቀላል። በመጨረሻ ችግኙ እስከነ ፕላስቲኩ ይቀበራል። ፕላስቲኩ መቀደድ አለበት፤ ካልተቀደደ ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ይጠመጠምና ራሱን ያንቃል። ግን ይህን ለማድረግ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ ሁለተኛው እጅ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። በጋው ሲገባ ውሃ ማጠጣት፣ ከከብት ማጠር፣ ዙሪያውን መኮትኮት የሚባል ነገርም አለ ይላሉ፤ ለዚያ ግን ኮፍያ ስለማይታደል ማን ይሄዳል። ስንት እንደተተከለ የማያውቅ የለም። ስንት እንደጸደቀ የሚያውቀው፣ ባልዲ ይዞ ማታ ማታ የሚወርደው የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

እዚህ ላይ ዋንጋሪ ማታይን ሳልወቅስ አላልፍም። ኬንያዊቷ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን አቋቁማ ሴቶችን አስተባብራ ዛፍ ስታስተክል፣ እዚያው ላይ ብትቆም ምን ነበረበት? በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊቆም መሆኑን ስትሰማ ግን አላስችል አላት። ለዚህ ባለሥልጣን ደብዳቤ፣ ለዚያ ተቋም ደብዳቤ። ፓርላማው ተሳለቀባት፤ እሷ መጻፏን ቀጠለች። እንደኛ ብልህ ብትሆን ኖሮ ሕንጻው 60ኛ ፎቅ እስኪደርስ ትጠብቅና ከሥሩ ቆማ ፎቶ አንስታ «ያሳዝናል!» ትል ነበር። አጉል ቸኩላ ፕሮጀክቱ እንዲቀር ምክንያት ሆነች። ፓርኩ ተረፈ፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት ግን፣ ሰዎች እንዲህ ባለው ነገር ለምን ጊዜያቸውን እንደሚያባክኑ ትንሽ ገባኝ።

ወደ ወንዛችን ዳር እንመለስ። ዶዘሩ ማለዳ ደረሰ፤ ጀግናችንም ደረሰ። ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል። «ማንን አማክራችሁ ነው?» አለ። የሳይቱ ኃላፊ ፋይሉን ከፍቶ አቴንዳንሱን አሳየው። ስሙ ሰባተኛ ተራ ላይ፣ በራሱ ፊርማ። ጀግናችን ወረቀቱን አየት አደረገና፣ ሳይደነግጥ፣ «ይሄ ለሌላ ስብሰባ የፈረምኩት ነው» አለ። ከዚያ የወደቀውን ግንድ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ፣ የተቆረጠ ልብ ምልክት ጨምሮበት፣ ለወዳጅ ዘመድ ላከው። እስከ ማታ ድረስ ያላለቀሰለት አልነበረም።

ማቆሚያው ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ የገባው መኪና የሱ ነው። አሁን የሚያማርረው ጥላ ባለመኖሩ ነው፤ መቀመጫው ያቃጥላል፣ መሪው አይነካም፤ ይህን ያቀደው ሰው ጭንቅላት አልነበረውም ወይ ይላል። መምህርቷ ሰምታው፣ ስለ ፍሳሹ ጉዳይ የሚከታተል የነዋሪዎች ኮሚቴ እየተቋቋመ መሆኑን ነግራ፣ አንድ ቦታ ስለጎደለ እንዲገባ ለመነችው። መስኮቱን ከፍ እያደረገ፣ «እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት አልወድም» አላት።