ጀርመን ከመግባታችን በፊት የማናነበው

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ከጉዞው በፊት ባሉት ወራት ምን ሲያነብ እንደሚከርም አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁና። የመግቢያ መስፈርቱን ያነባል፤ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችን ያጠናል፤ ብሎክድ አካውንት ውስጥ፣ ማለትም የተማሪው የኑሮ ገንዘብ አስቀድሞ ገብቶ በየወሩ ብቻ በሚለቀቅበት የባንክ ሒሳብ ውስጥ፣ መቀመጥ ያለበትንና ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት 11,904 ዩሮ የደረሰውን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ሲያሰላ ያድራል። ስለ አገሩ አኗኗር የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ግን እሱም «ሲደረስ ይታያል» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ የደረስኩት ቅዳሜ ማታ ነበር። በማግስቱ እሑድ አንድም ክፍት ሱፐርማርኬት አጥቼ፣ እናቴ ለመንገድ ብላ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ የዶርሜ መስኮት ሥር ተቀምጬ ስቆረጥም ዋልኩ። ያን ቀን «እነዚህ ሰዎች ለእንግዳ ደንታ የላቸውም» ብዬ ደመደምኩ። ነገሩ ግን ከእንግዳ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። የ1919ኙ የጀርመን ሕገ መንግሥት፣ የቫይማር የሚባለው፣ አንቀጽ 139 እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ይጠብቃል፤ አንቀጹ በ1949 በወጣው መሠረታዊ ሕግ፣ በዛሬው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ማለት ነው፣ ውስጥም ተካትቶ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ አብያተ ክርስቲያናትና የሠራተኛ ማኅበራትም ሱቆች በእሑድ ይከፈቱ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር በአንድነት ይሟገቱለታል። በሰንበት እህል በማይፈጭበት ቤት ላደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነው ያላነበብኩት።

«ባህል በኑሮ እንጂ በወረቀት አይለመድም» የሚሉ አሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት የሚሰጠው ለ15 ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በስሕተት እየተማሩ ለመቆየት ጊዜው አይበቃም። የሚነበበው ነገር ዓይነትም ይወስናል። «ጀርመኖች ቀዝቃዛ ናቸው»፣ «ጀርመኖች ሰዓት አክባሪ ናቸው» የሚል ጽሑፍ አንብቦ የሄደ ሰው ምንም ካላነበበው አይሻልም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይብስበታል። ሰዓት አክባሪነታቸውን አንብቤ ስለነበር ልክ በአሥር ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አራት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። በፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ የተጻፉት ሁለት የላቲን ፊደላት ትምህርቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደሚጀመር የሚያመለክቱ የቆየ የዩኒቨርሲቲ ልማድ ናቸው። በአንጻሩ «ሃልብ አኽት» ተብሎ በቃል የተሰጠ ቀጠሮ፣ ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ሰባት ተኩል ነው፤ ስምንት ተኩል መስሎት የሄደ ሰው አንድ ሰዓት አርፍዷል።

ከሁሉ ይልቅ ልናነበው የሚገባን ግን የአጠራሩን ነገር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የምናውቀው መስሎን የምንሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው፤ አንዱ «ዱ» ሌላው «ዚ» ይባላል። እኛ ጋ አንድ አዛውንት ወጣቱን «አንተ» ሲሉት ወጣቱ «እርስዎ» ብሎ ይመልሳል፤ አክብሮቱ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። እዚያ ግን የማይተዋወቁ ጎልማሶች ዕድሜያቸው ቢራራቅም ሁለቱም «ዚ» ይባባላሉ። ወደ «ዱ» እንሻገር የሚለውን ሐሳብ የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ ታላቁ ነው። ተማሪዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን «ዱ» ናቸው። እኔ ለክፍል ጓደኞቼ «ዚ» ስል ከረምኩ፤ በእኔ ቤት ትሕትና ነበር፣ ለእነሱ ግን አልቀርባችሁም እንደማለት ሆኖባቸዋል።

በንባብ ብቻ አገር አይታወቅም ለሚል ሰው ሂዮብ ሉዶልፍን አስታውሰዋለሁ። ይህ ጀርመናዊ ሊቅ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ግእዝን ከመጻሕፍት ተማረ፤ ከዚያም ሮም ያገኛቸው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እሱ ወዳለበት የጀርመን ከተማ ጎታ ድረስ መጥተው ሲቆዩ ያነበበውን ሁሉ እየጠየቀ አረመ፤ በ1698ም የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። የእኛ ተማሪም ያነበበውን ይዞ ከዚያ ለተመለሰ አንድ ሰው ቢያቀርብ ብዙ ነገር ይቃናለታል። ለምሳሌ በጀርመን ከፍተኛው ውጤት 1.0 ሲሆን 4.0 ለጥቂት የማለፍ ነው፤ አራት ነጥብ አመጣሁ ብሎ ወደ ቤት ሊደውል የሚቸኩል ካለ ስልኩን ያስቀምጥ።

ከአስተማሪና ከሃያ ተማሪዎች ፊት የመጀመሪያ ጽሑፌን አቅርቤ ስጨርስ ሁሉም በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛቸውን ይመቱ ጀመር። ይብቃህ ያሉኝ መስሎኝ ወረቀቴን ሰብስቤ፣ ቀና ሳልል ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ጭብጨባ መሆኑን ያወቅኩት ደረጃ ስንወርድ አንዷ «ለምን ተቆጣህ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው።