እርማት፦ የአሜሪካዎቹ አሮጌ መኪኖች ታጥበው አልተሸጡም

«አሜሪካ ‹አሮጌ መኪና አስረክባችሁ አዲስ ግዙ› ብላ የሰበሰበቻቸውን መኪኖች ሻጮቹ አጥበው ወደ ድሃ አገር ቸበቸቧቸው» ላልከው ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በተካሄደው በዚያ ፕሮግራም ወደ 677,000 የሚጠጉ መኪኖች ገብተዋል። መንግሥት ለእያንዳንዱ 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ይከፍል ነበር። አዲሱን መኪና የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ የተረከበውን አሮጌ መኪና ሞተር የመግደል ግዴታ ነበረበት።

አገዳደሉ ጉድ ነው። መጀመሪያ የሞተሩ ዘይት ይፈሳል። በምትኩ በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ይረገጥለታል። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተነው ብርጭቆ መሰል ነገር ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ክፍሎች) ላይ ይጋገራል። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሚያስነሳው መካኒክ የለም። ደህና ሞተር እንዲህ ሲሞት ማየት ለመኪና ወዳድ አንጀት ይበላል።

«ሙሉ መኪናው ተጨፈለቀ» የሚሉትም ግማሹን ነው የያዙት። በሩ፣ መብራቱ፣ ወንበሩ ተፈትቶ መሸጥ ይችል ነበር። የተከለከለው ሞተሩ ነው። ቀሪው አካል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መጨፍለቅ ወይም መከትከት ነበረበት።

ወሬው ግን ከሜዳ አልተነሳም። ጀርመን በዚያው ዓመት አሮጌ መኪናውን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ 2,500 ዩሮ ስትሰጥ ሞተር እንዲበላሽ አላስገደደችም። ለቁርጥራጭ ከተባሉት መኪኖች ሾልከው ወደ አፍሪካና ምሥራቅ አውሮፓ የወጡ እንዳሉ በወቅቱ ተዘግቧል። የእሷ ታሪክ ነው ለአሜሪካ የተለጠፈው መሰለኝ።