ጂኒው ቀረ፣ ጂኑ መጣ

ቁጡ ሰዎቻችንን የሚያመሰግናቸው ጠፋ እንጂ ምስጋናስ የሚገባው ለነሱ ነበር። ድሮ አንዱ ጠረጴዛ ገልብጦ በሩን አላትሞ ሲወጣ "ጂኒው ተነስቶበት ነው" ይባል ነበር፣ ሲበርድለትም ትንሽ ያፍር ነበር። ዛሬ ሰለጠነና አንዲት ፊደል አስተካክሎ "ጂኔ ነው" አለ (ከወላጅ የሚወረሰውን ዘረመል ማለቱ ነው)፣ አለቀ። ሳይንስ ነዋ፣ ማን ይከራከረዋል?

የማውቀው አንድ ባለ ጂን አለ (ስሙን አልጠራም፣ አካሌን እወዳለሁ)። "በዘራችን ነው፣ አባቴም እንዲህ ነበር አያቴም እንዲሁ፣ ዋሪየር ጂን፣ የተዋጊ ጂን፣ የሚባል አለ ሂድና አንብብ" አለኝ። ታዘዝኩ፣ አነበብኩ። ጂኑ ኤም ኤ ኦ ኤ ይባላል፣ የሚያሰራው ኢንዛይም አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚን፣ ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን መልእክት አመላላሽ ኬሚካሎች ስራቸውን ሲጨርሱ እየሰባበረ ያስወግዳል፣ ከግብዣ በኋላ ቤቱን የሚያጸዳ ሰው በሉት። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ ጂኑ የተቀመጠው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ያለችው አንዲት ኤክስ ናት፣ እሷንም የሚወስዳት ከእናቱ ነው፣ ከአባቱ የሚደርሰው ዋይ ነው። እና ያ ከአያት ወደ አባት ከአባት ወደሱ ሲንከባለል የመጣው የጀግና ጂን በዚህ መንገድ መጥቶ አያውቅም፤ ካለውም ያገኘው እድሜዋን ሙሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ ከማታውቀው እናቱ ነው ማለት ነው። ይሄን ስነግረው ምን አደረገ? ተቆጣ።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የጂኑ ስርዓት አዋቂነት ነው። አለቃው ሰው ፊት ሲያዋርደው "እሺ ጌታዬ፣ ልክ ነዎት" ይላል፣ ጂኑም ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ማታ ልጁ ብርጭቆ ስትሰብር ግን ይነቃል። ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆመው ሴሮቶኒኑ ልክክ ይላል፣ ፖሊሱ ዞር እንዳለ ጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ላይ ይዛባል። ማን ደሞዝ እንደሚከፍል፣ ማን መልሶ እንደሚማታ ለይቶ የሚያውቅ ሞለኪውል ሲገኝ እንዴት አይጨበጨብለትም?

ያልታደሉትማ እነዚያ በ1993 የተጠኑት የሆላንድ ቤተሰብ ወንዶች ናቸው። የነሱ ጂን ጭራሽ የማይሰራ ነበር፣ ኢንዛይሙ የለም፣ ግልፍተኝነቱ ከአእምሮ እድገት ችግር ጋር ነው የመጣባቸው፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። የኛ ሰውዬ በነሱ በሽታ ይፎክራል።

ደከም ብሎ የሚሰራው የጂኑ ዓይነትማ ብርቅ አይደለም፣ ስንቱ ወንድ ይዞት በሰላም ይኖራል። በ2002 የወጣው የኒውዚላንድ ጥናት የዱኒዲን ከተማ ልጆችን ከህጻንነታቸው ጀምሮ ተከትሎ ያየው ይሄንኑ ነው፣ ያ ጂን ብቻውን ያን ያህል አላስቸገረም፣ ነገሩ የከፋው ያው ጂን ኖሯቸው በልጅነታቸው ግፍ በተፈጸመባቸው ላይ ነው። እንግዲህ ልጆቹን እየገረፈ "በዘራችን ነው" የሚለውን አባት አስቡት፣ ይሄን ጂን ለወንድ ልጁ ሊያወርስ አይችልም፣ ዱላውን ግን አሳምሮ ያወርሳል።

ተስፋ አትቁረጥ ብዬዋለሁ ደግሞ። በ2009 ጣሊያን ትሪየስቴ ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሰው ለገደለ ሰው ጂኑንም ከግምት አስገብቶ 1 ዓመት ቀንሶለታል። አንድ ዓመት! ለሰበረው ሰሃን ስንት ወር እንደሚቀነስለት እንግዲህ ራሱ ያስላው።

ሰሞኑን ጂኑን ተወት አድርጎ "ቴስቶስቴሮኔ ከፍ ብሎ ነው" ማለት ጀምሯል (የወንድ ሆርሞን የሚሉትን ነው)። እሱንም ታዝዤ አነበብኩለት። በ2010 በታተመ የዙሪክ ጥናት ሴቶች ቴስቶስቴሮን ወይም ባዶ መድሃኒት ወስደው ገንዘብ ተካፈሉ። ሆርሞኑን የወሰዱት ይበልጥ በፍትህ አካፈሉ፣ ሲሰስቱ የተገኙት "የወሰድኩት ሆርሞኑን ነው" ብለው ያመኑት ናቸው፣ የወሰዱት የትኛውንም ይሁን። ይህቺን ገና አልነገርኩትም። አለቃው አጠገቡ የሚቆምበትን ቀን እየጠበቅኩ ነው።